አዋሽን ተከትሎ እስከ አቤ ሐይቅ

ሰኞ፤ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ትልልቅ ወንዞቻችን አገር ጥለው ይወጣሉ። ዓባይ ወደ ሱዳን፣ ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። አዋሽ ግን ከጊንጪ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ወሰን ላይ በሚገኝ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ወደዚያ ወሰን የሚወስደውን አስፋልት ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የምንለብሰውም የምንነዳውም በእርሱ ነው የሚገባው። ወንዙን ተከትሎ የሚወርድ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጉዞ ያሰብኩት ወንዙን መሪ አድርጌ፣ አስፋልቱ ከወንዙ በሚለይበት ቦታም ከወንዙ ጋር ለመቅረት ነው።

መተሐራ ሊደረስ ሲል በሰቃ ሐይቅ መንገዱን ግራና ቀኝ ያጅበዋል። ከስድሳ ዓመት በፊት ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የነበረ ኩሬ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንሰራፍቷል። ከመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውሃና የከርሰ ምድር ምንጮች ያሳደጉት ነው። አስፋልቱና የቀድሞው ሐዲድ ከውሃው ለማምለጥ በተደጋጋሚ ከፍ ተደርገው ተሠርተዋል። ውሃው ለእርሻም ለመጠጥም የማይሆን ጨዋማ ስለሆነ በቦይ እየተመጠነ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ውሃ በማይፈለግበት ቦታ እንዲህ ሲተርፍ ማየት፣ በወንዙ መጨረሻ ያለውን ሐይቅ ለሚያስብ ሰው ልብ የሚነካ ነገር ነው።

ከሐይቁ ማዶ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ መሬቱ ለወራት እየተንቀጠቀጠ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ሄደዋል። በጉዞዬ ሁሉ መሬቱ ገና ሥራውን እንዳልጨረሰ የሚያሳይ ምልክት አልጠፋም። አፋር ሦስት የምድር ቅርፊቶች የሚላቀቁበት ቦታ ነው፤ አዋሽም ከባሕሩ የሚቀረው የተሰነጠቀው ምድር ወደ ውስጥ እየረገደ ስለሚውጠው ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ይህች ከተማ የመንገደኛው ምሳ መብያ ነበረች። ከጣቢያው ወረድ ሲሉ የወንዙ ገደል ድንገት ይከፈታል። ውሃው ጥልቅ ገደል ውስጥ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ ድምፁ ላይ ድረስ አይሰማም። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ፣ አዲስ አበባ ላይ የተወለደ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ ግመሎቹን ጭኖ ከዚህ ከተማ ነበር የተነሣው። ወንዙ የት እንደሚያልቅ ለማየት ብሎ አቤ ሐይቅ ከደረሰ በኋላ፣ በ1934 ግንቦት ታጁራ ወደብ ገባ። በዚያ ጊዜ የአውሳን (የታችኛው አዋሽ የአፋር አገር) ሡልጣን ፈቃድ ያላገኘ ሰው እግሩን የሚያነሣበት አገር አልነበረም።

ከከተማው ወጣ እንዳሉ መንገዱ ይከፈላል። ቀኙ በሚኤሶ አድርጎ ወደ ድሬዳዋና ሐረር ይሄዳል፤ ግራው ከወንዙ ጋር ወደ ሰሜን ይታጠፋል።

ማክሰኞ፤ ገዋኔ

አዋሽ አርባ፣ መልካ ወረር፣ አሚባራ። ይህ የወንዙ መካከለኛ ሸለቆ ነው። ለዘመናት በድርቅ ጊዜ ከብት የሚሰማራበት የዳር ሣር ከ1950ዎቹና 60ዎቹ ጀምሮ የጥጥ እርሻ ሆነ። እርሻዎቹ ሊኖሩ የቻሉት ከላይ፣ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ የወንዙን ጎርፍ አስታግሦ በጋና ክረምት የተመጣጠነ ውሃ ስለሰጣቸው ነው። አርብቶ አደሩ በበጋ የሚጠጋበትን መሬት ያጣውም በዚያው ጊዜ ነው። ይህ ሁለት ጎን ያለው ታሪክ ነው፤ አንዱን ብቻ የሚናገር ሰው ሸለቆውን አላየውም እላለሁ።

በመንገዱ ዳር ሴቶች የግመል ወተት በቢጫ ጀሪካን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከአጠገባቸው የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ከሰሉ ከፕሮሶፒስ ነው። በረሃውን አረንጓዴ ያደርጋል ተብሎ የገባው ይህ እሾሃማ ዛፍ ሸለቆውን ወርሶታል። ፍየሎች ፍሬውን ይበሉና በፍግ እየዘሩት ይሄዳሉ፤ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፤ እሾሁ የመኪና ጎማ ይበሳል። አንዲት ወተት ሻጭ እጇን ዘርግታ ከመንገዱ እስከ ወንዙ ያለውን ጥሻ አሳየችኝ። እርሷ ልጅ ሳለች ላሞች እዚያ ውስጥ ሲግጡ ከዚህ ሆነው ይቆጥሯቸው እንደነበር ነገረችኝ። አሁን አንድ ሰው ገብቶ ቢቆም እንኳ አይታይም።

ወደ ማታ የአያሉ ተራራ ከገዋኔ ጀርባ ብቅ አለ። በእግሩ ሥር ወንዙ ተበትኖ ረግረግ ይሆናል።

ረቡዕ፤ ሚሌ እና ሎጊያ

ከገዋኔ በኋላ ሜዳው ይሰፋል፣ ሰው ይሳሳል። የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ የዱር አህያን ለመጠበቅ ተብሎ የተከለለ ነው፤ ከዓለም ላይ እየጠፋ ያለ እንስሳ ነውና አንድ እንኳ ለማየት ዓይኔን ከመስኮት አላነሣሁም። አላየሁም። ያየሁት ኬላና ፍተሻ ነው። በዚህ መስመር ባሉ መንደሮች ምክንያት በአፋርና በኢሳ ሶማሌ መካከል ለዓመታት ደም ፈሷል። ሾፌሩ አስቀድሞ ስልክ እየደወለ የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ ነበር፤ ዋናው የገቢ ዕቃ መንገድ የዚህን ያህል ስስ መሆኑን መሃል አገር ያለ ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ሚሌ ላይ ከኮምቦልቻ በባቲ የሚወርደው መንገድ ይገናኛል። አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ አሰብ የሚወስደው ዋና አውራ ጎዳና እርሱ ነበር። ከዚህ ደቡብ ምዕራብ፣ አስፋልት በሌለበት፣ ሐዳር አለ። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ከሐዳር ወደ አዋሽ በሚፈሱ ደረቅ ጅረቶች መካከል ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ አፅም እንዲህ ሊገኝ የቻለው ወንዙና ሐይቆቹ ደለል እየከመሩ ስለቀበሩት፣ በኋላም ዝናብ ስለገለጠው ነው። የዚህ ምድር ታሪክ በሙሉ የተጻፈው በደለል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሎጊያ የሾፌሮች ከተማ ናት። ሲመሽ ሙቀቱ አይበርድም፤ አልጋ ከክፍል ወጥቶ በግቢው ውስጥ ይዘረጋል። ከዋናው መንገድ ዳር ተሳቢዎችና ቦቴዎች እስከ ዓይን ማድረሻ ተሰልፈዋል። ሽርጥ የለበሱ ሾፌሮች አንድ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ረዳቶች በእጃቸው ብረት ይዘው ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይመታሉ። ጎማው ጥሩ ከሆነ ብረቱ ይነጥራል፤ ንፋስ ከጎደለው ድምፁ ይደፈናል። አንዱ ረዳት ከውስጥ በኩል ያለውን ጎማ ሁለት ጊዜ መታና ጆሮውን አስጠግቶ ሦስተኛ መታው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ክሪኩን ሊያመጣ ሄደ። የአንድ አገር ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ በጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል ሲባል፣ ያ ሁሉ በዚህ ልጅ ጆሮ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሐሙስ፤ አሳይታ

ወንዙና መንገዱ የሚለያዩት እዚህ ነው። አዋሽ ተንዳሆ ላይ በግድብ ከተያዘ በኋላ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ አዙሮ በዱብቲ በኩል ወደ አውሳ ይወርዳል፤ አስፋልቱ በሰመራ አልፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል። አንዱ ወደ ጨው፣ አንዱ ወደ ባሕር። እኔ በሚኒባስ ወደ አሳይታ ወረድኩ።

አሳይታ ከወንዙ በላይ ባለ ከፍታ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ናት። ከጠርዙ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው ከቀናት አመድማ ምድር በኋላ ዘንባባ፣ በቆሎና ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ሲያይ፣ ሰዎች ለዚህ ቦታ ለምን እንደተዋጉ ወዲያው ይገባዋል። የአዳል መሪዎች እ.ኤ.አ. በ1577 መናገሻቸውን ከሐረር ወደ አውሳ ያዛወሩት በከንቱ አይደለም፤ ዙሪያውን በረሃ የሚጠብቀው፣ መሃሉን ወንዝ የሚመግበው ምሽግ ነው። በግብፅ መንግሥት ያገለግል የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቬርነር ሙንዚንገር ከታጁራ ጦር ይዞ ወደ ሸዋ ሊያልፍ ሲሞክር፣ በ1868 ዓ.ም. ኅዳር በአውሳ አፋሮች እጅ ተገደለ። በዚያው ወር ዐፄ ዮሐንስ የግብፅን ጦር ጉንደት ላይ ድል አደረጉ። ሁላችንም ጉንደትን ተምረናል፤ አውሳን ግን ያስተማረን የለም። ልጆች በትምህርት ቤት ሁለቱን ጎን ለጎን ሊያነቧቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከገበያው ጀርባ ባለ ሻይ ቤት፣ ጊሌያቸውን (የአፋር ጩቤ) በወገባቸው የታጠቁ ሽማግሌዎች ስለ ሡልጣን አሊ ሚራሕ ሐንፈሬ ይጨዋወቱ ነበር። «ግመሎቻችን እንኳ የኢትዮጵያን ባንዲራ ያውቃሉ» የሚለው ንግግር በእርሳቸው ስም ነው የሚነገረው። ሡልጣኑ ከብት ብቻ አልነበረም የሚያስጠብቁት፤ አፋሮች ጥጥ እንዲያርሱ ያበረታቱ፣ ትራክተር ያስገቡ ሰው ነበሩ። ተንዳሆ ላይ በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ ይዞ ነበር። የደርግ የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲወጣ ሡልጣኑ ተሰደዱ፤ በ1983 ተመለሱ፤ በ2003 አረፉ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ወንዙ ዳር ይዞኝ ወረደ። ከአሳይታ በታች አዋሽ አንድ ወንዝ መሆኑ ይቀራል፤ በእጅ የተቆፈሩ ቦዮች ይከፋፈሉታል። አንድ ገበሬ በባዶ እግሩ ቦይ ውስጥ ቆሞ፣ በቅጠልና በጭቃ የተደፈነ አፍ በአካፋ ሲከፍት አየሁ። መጀመሪያ ውሃው በጣት ስፋት ቀደደ፤ ከዚያ ጭቃውን ራሱ እየበላ ክንድ ያህል ሆነና ወደ በቆሎው መደብ ገባ። ገበሬው አካፋውን ተክሎ ውሃው የመጨረሻው መደብ ጋ እስኪደርስ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። እጄን ነክሬ ሳወጣው በቀጭን ቡናማ ደለል ተለብጧል፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የጊንጪ ተራሮች ዝናብ፣ የሸዋ እርሻ አፈር እዚህ ነው የሚያርፈው።

ይህ ደለል ያጠግባል፣ ያጠፋልም። የወንዙ ወለል በየዓመቱ እየተሞላ ስለሚነሣ ክረምት ሲበረታ አዋሽ አቅጣጫውን ይስታል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የተንዳሆ ግድብ ሞልቶ ሲፈስ፣ አሳይታና አፋምቦ በጎርፍ ተከበው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። «በበጋ ውሃ ልቀቁልን ብለን እንለምናለን፤ በክረምት ያዙልን ብለን እንለምናለን» አለኝ ገበሬው። ግድቡ የተሠራው ለዚህ አካባቢ ነው፤ ቁልፉ ግን በውሃው ከሚኖረው ሰው እጅ ርቆ ነው ያለው።

ዓርብ፤ አፋምቦ

ከአሳይታ ወደ ምሥራቅ ለመውረድ የይለፍ ወረቀትና የአገሩን ሰው ይዞ መሄድ ግዴታ ነው፤ ወረቀቱን የሚሰጡት በከተማው ነው። መንገዱ አቧራ ነው። አፋርኛ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት ይልቅ የጠቀመኝ አብሮኝ የሄደው ሰው ዳጉን፣ የአፋሮችን የወሬ ልውውጥ፣ ማወቁ ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዝም ብሎ መተላለፍ ነውር ነው። ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከየት እንደመጣ፣ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የታመመውን፣ የሞተውን፣ መንገዱ ላይ ያየውን እንግዳ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ሐሰት ያወራ ሰው ሐሰቱ ተከትሎት ይዞራል። እኛ አፋምቦ ስንደርስ መምጣታችን ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ ፍየል ወተትም ተዘጋጅቶ ቆየን።

ከአፋምቦ በላይ ካለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ላይ ሆኖ የወንዙን መጨረሻ ማንበብ ይቻላል። አዋሽ መጀመሪያ የገመሪን ሐይቅ ይሞላል፤ ከዚያ በአፋምቦ ሐይቅ አልፎ፣ በኮረብቶች መካከል ቀዳዳ ፈልጎ ወደ አቤ ይወርዳል። ገመሪ ጨዋማ አይደለም፤ አዞ አለበት፣ ሸምበቆ አለበት፣ ሴቶች ውሃ ይቀዱበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውሃ ይገባበታል፣ ይወጣበታልም። አቤ ግን መውጫ የለውም። የገባው ሁሉ በፀሐይ ይተናል፤ ጨዉ ብቻ ይቀራል። በደቡብ በኩል የዳማ አሊ ተራራ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ቀጥ ብሎ በእግር ለሚሄድ ሰው ቅርብ ይመስላል፤ ከዚህ ወደ አቤ የሚወርዱት ግን ውሃና መሪ ይዘው፣ ግመል ጭነው ነው። እኔ ሐይቁን ከማዶ፣ ከጅቡቲ ወገን ለማየት ወስኜ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፤ ሰርዶ፣ ዲቾቶ፣ ጋላፊ

ሰመራ ከአሳይታ የክልሉን ርዕሰ ከተማነት የተረከበችው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ከወንዝ ዳር ወደ መኪና መንገድ ዳር የተዛወረ መንግሥት መሆኑን ሳስብ፣ የዘመኑ ሚዛን የት እንዳለ በዚያ ገባኝ። ሰርዶን አለፍን፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የመሬት መንቀጥቀጥ ያወደማት ከተማ ናት። ዲቾቶ ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በኤሊዳር፣ በማንዳና በቡሬ ወደ አሰብ የሚሄደው ነው፤ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ፣ በ2011 ለጥቂት ወራት ከመከፈቱ በቀር፣ ተዘግቷል። ሌላው ወደ ጋላፊ ይወርዳል። በኤሊዳር በኩል ወደ ባልሆና ታጁራ የሚወስድ አዲስ መንገድም አለ፤ የድሮዎቹ ቅፍለቶች አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ በ1886 ደግሞ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ለምኒልክ ጠመንጃ ጭኖ ከታጁራ ሲነሡ፣ ሁሉም የአሰል ሐይቅን የጨው ጉድጓድ ተሻግረው ነበር።

ጋላፊ ሰልፍ ነው። ሰነድ፣ ማኅተም፣ ትራንዚተር፣ ጥላ ፍለጋ። ይህ ወሰን ከፈረንሳይ ጋር የተዋዋልነው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ከአድዋ ማግሥት። መስመሩ አፋሮችን ከአፋሮች ለየ፤ ዛሬ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በኤርትራ ይኖራሉ። ቪዛዬን አስቀድሜ አውጥቼ ስለነበር በአንድ ሰዓት ውስጥ አለፍኩ።

ከጋላፊ ማዶ ያየሁትን ማንም እንዲያይ አልመኝም። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከትግራይ የተነሡ ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው፣ የውሃ ጀሪካን ይዘው፣ ከአስፋልቱ ፈንጠር ብለው ወደ ኦቦክ ይጓዛሉ። ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ደላላ የነገራቸው ርቀት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ድንጋይ ሌላ። ሾፌሩ ቆሞ የያዘውን ውሃ ሁሉ ሰጣቸው። «ሁልጊዜ ሁለት ጀሪካን ትርፍ ይዤ ነው የምነሣው፤ ሁልጊዜ አይበቃም» አለኝ። ከልጆቹ አንዱ የደሴ መሆኑን ነግሮኝ፣ ባሕሩ ስንት ቀን እንደሚቀረው ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት፤ ተመለስ ብዬም ለመንኩት። ጓደኞቹን አይቶ ሄደ።

እሑድ፤ አቤ

ዲኪል ላይ አድሬ ማለዳ በላንድክሩዘር፣ በአስ ኤላ በኩል ወደ ሐይቁ ወረድን። ከሩቁ ፍርስራሽ ከተማ የሚመስሉት የኖራ ድንጋይ ማማዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ሃምሳ ሜትር ይደርሳሉ። ሐይቁ ከፍ ብሎ በነበረበት ዘመን ፍል ውሃ ከሥር እየፈለቀ ኖራውን አስቀምጦ የሠራቸው ናቸው። ከሥራቸው ዛሬም እንፋሎት ይወጣል፤ ምንጩ ዙሪያ አጭር ሣር አለ፤ በጎች ይግጣሉ። ውሃው ግን ማማዎቹን ጥሎ ርቋል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ አቤ በጣም ተኰማትሯል፤ ላይ የሚቀዳው የመስኖ ውሃ ሁሉ እዚህ በጎደለ ዳር ይታያል። ፍላሚንጎዎች በሩቁ ሐምራዊ መስመር ሠርተዋል፤ በመካከላችን ያለው ነጭ ቅርፊት ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ጭቃ ስለሆነ ሾፌሩ ከማማዎቹ አልፎ ለመንዳት እምቢ አለ።

አንድ አፋር ሽማግሌ ከበጎቹ ጋር ነበሩ። መሪዬ ሰላም ብሏቸው ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥኩ። ከአሳይታ በአፋምቦ ዞሬ መምጣቴን ሲሰሙ ዳጉ ጠየቁኝ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፤ የተንዳሆን ውሃ፣ የተከፈተውን ቦይ፣ በቆሎው ወገብ መድረሱን፣ ገመሪ ሸምበቆው ድረስ መሙላቱን። ገመሪ የሚለውን ስም አስደግመው ሰሙ። ገመሪ ከሞላ ወደ እርሳቸው የሚወርድ ውሃ ይኖራል ማለት ነው።

እርሳቸው በበኩላቸው የእህታቸው ቤተሰብ አፋምቦ እንዳለ፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ ሆነው ከተያዩ መቆየታቸውን ነገሩን። ግመሎቹ ወልደዋል፣ ወተት አለ፤ በቆሎው ሲደርስ ሰው ይላኩልኝ አሉ። በዚያ በኩል እንደማልመለስ ስነግራቸው ግድ የለም ብለው መሪዬን በአፋርኛ አናገሩት። መልእክቱን ጋላፊ ላይ ወደ ሎጊያ ለሚመለስ አፋር ሾፌር እንድነግር፣ ሾፌሩም ሎጊያ ገበያ ለአሳይታ ሰው እንዲነግር ነው። ማታ ጋላፊ ደርሼ፣ ቦቴ ይዞ የሚገባ ሾፌር አግኝቼ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። የእህትየውን ጎሣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አውቃቸዋለሁ ብሎ ሞተሩን አስነሣ።